አጥር የታጠረለት ዐለት፦ ከዌምበሪ ዳርቻ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ 26

ዛሬ ከልጄ ጋር በእንግሊዝ አገር ከፕሊመዝ ከተማ በስተምሥራቅ ወዳለው የዌምበሪ ዳርቻ ወርደን ለሥራው የሚሆነውን ዐለት መረጥን። የሥራው ጥያቄ አጭር ነው፦ በዳርቻው መካከለኛ ክፍል ያለው ዐለት ከሩቅ ባዶ መስሎ የሚታየው የባሕር አረም ስለማይበቅልበት ነው ወይስ የበቀለው ሁሉ ገና ሳይታይ ስለሚጋጥ? ጥያቄው ከእኔ ጋር የመጣ ነው። በደቡብ ወሎ ከብት እንዳይገባበት በተከለለ ተራራ ላይ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ዘር ሳይዘራበት፣ ችግኝም ሳይተከልበት ከልቅ ግጦሽ ብቻ የተጠበቀ መሬት በሁለት ክረምት ውስጥ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህም ያንኑ ልሞክር ነው፤ የሚከለከለው ግን ከብት ሳይሆን በጣቶች መካከል የሚያዝ ቀንድ አውጣ ነው።

የቀንድ አውጣው ስም ሊምፔት ይባላል። እንደ ሌሎቹ የተጠማዘዘ ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊቱ ሾጣጣ ነው፤ ልጄ ባየችው ጊዜ «የመሶብ ክዳን» ያለችው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም። ባሕሩ ሲጎድል ከዐለቱ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ሲርስ ወይም ሲጨልም ተነሥቶ በአካባቢው እየተንቀሳቀሰ ይግጣል፤ ከዚያም የራሱን የምራቅ መሰል ዱካ ተከትሎ ወደ ተነሣበት ነጥብ ይመለሳል። የቅርፊቱ ጠርዝ ከዚያ ነጥብ ጋር እስኪገጥም ድረስ ያድጋል፤ ዐለቱ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ዐለቱ ራሱ ይፈገፈግና ክብ ጠባሳ ይወጣበታል። ዛሬ ባለቤት የሌላቸው እንዲህ ያሉ ጠባሳዎች ሦስት አይተናል።

ማርች 12

ጨረቃ በሞላችበትና በጠፋችበት ሰሞን ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይጎድላል፤ በዚህ አካባቢ በእንዲህ ያሉ ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ትልቁ ጉድለት ሁልጊዜ በእኩለ ቀን አካባቢ ስለሚውል እኛ በቀን ብርሃን ለመሥራት ተመችቶናል፤ ለዐለቱ ነዋሪዎች ግን ይህ አጋጣሚ በበጋ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ውኃ በሚርቃቸው ሰዓት ፀሐይ አናታቸው ላይ ትሆናለች።

የመሬቱን ባለቤትና የተፈጥሮ ጥበቃውን ፈቃድ በእጃችን ይዘን ዛሬ ከቀኑ 5 ሰዓት ጀምሮ ውኃው እስኪመለስ ድረስ ሠራን። እያንዳንዳቸው 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆኑ 12 መደቦች ለይተናል። አራቱ ዙሪያቸውን 5 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው የማይዝግ የሽቦ መረብ ታጥረው ሊምፔቶቻቸው ተወስደዋል፤ አራቱ ምንም ያልተነኩ ማነጻጸሪያዎች ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ደግሞ በሁለት ጎናቸው ብቻ የታጠሩ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ማዘጋጀት ብዙ ሥራ የጠየቀ ቢሆንም የግድ ነበር፤ አጥሩ ራሱ ጥላ ስለሚጥልና እርጥበት ስለሚይዝ፣ በታጠረው ውስጥ የሚበቅለው አረም የበቀለው ግጦሽ ስለቀረለት ነው ወይስ ሽቦው ስለጋረደለት ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጡት እነርሱ ናቸውና።

ዐለቱ ስሌት የሚባለው የድንጋይ ዓይነት ስለሆነ እንደ ንብርብር ገጽ ይላጣል፤ በባትሪ መሰርሰሪያ ስንበሳው ሁለት ጊዜ ጠርዙ ተሰብሮብን ቦታ ለመቀየር ተገደድን። በየቀዳዳው ፊሸር ከትተን ሽቦውን በማይዝግ ቪት አሰርን። በመጀመሪያ ጀልባ የሚቀባውን መዳብ ያለበት ቀለም እንደ አጥር ለመጠቀም አስቤ ነበር፤ ሊምፔት ቀለሙን ስለማይሻገር ሌሎች ሠርተውበታል። ነገር ግን በባሕሩ ላይ መርዝ መጨመር አልፈለግሁም፤ የዚህን ምክንያት ወደፊት በሚመጣው ቦታ እጽፋለሁ።

ሊምፔት ለማንሣት ያለህ ዕድል አንድ ብቻ ነው። ሳይነቃ በጠፍጣፋ ቢላ በአንድ ምት ካልተነሣ ጠርዙን ከዐለቱ ጋር ያጣብቅና ከዚያ በኋላ የሚነሣው ቅርፊቱ ከተሰበረ ብቻ ነው። ከአራቱ መደቦች 37 ሊምፔት አንሥተን ራቅ ባለ ጥላና እርጥብ ስንጥቅ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ከቤታቸው የራቁ ሊምፔቶች ሁሉም እንደማይተርፉ አውቃለሁ፤ ቁጥሩን ትንሽ ያደረግነውም ለዚህ ነው።

ማርች 20

ዛሬ የጉድለቱ መጠን ትንሽ ስለሆነ ወደ ዳርቻው አልወረድንም፤ ከእኛ በፊት የተሠራውን በአጭሩ ልመዝግብ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአይል ኦፍ ማን ደሴት በፖርት ሴንት ሜሪ፣ ተመራማሪዎች ከዳርቻው ላይ 10 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ረጅም መስመር ለይተው በውስጡ ያሉትን ሊምፔቶች ሁሉ አንሥተው ነበር። ግራና ቀኙ ያለው ዐለት እንደ ቀድሞው ሊምፔትንና ባርናክል የሚባለውን ከዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ እንስሳ እንደያዘ ሲቀር መስመሩ ግን በመጀመሪያ በአረንጓዴ አረም፣ ቀጥሎም ፉከስ በሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ተሸፈነ። የእኔ 12 መደቦች ከዚያ ሥራ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ትንሽ ናቸው፤ አዲስ ነገር ላገኝም አልተነሣሁም። የምፈልገው ቅደም ተከተሉን በገዛ እጄና በየሁለት ሳምንቱ ለማየት ነው፤ በውጤት ደረጃ የተጻፈ ሥራ መካከሉን አያሳይምና።

ማርች 27

በታጠሩት መደቦች ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም ልል ነበር፤ ልጄ ግን በጣቷ ዳስሳ «አባዬ፣ ይኼኛው ያንሸራትታል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ዓይን ያላየውን ጣት አገኘው፦ ዐለቱ በቀጭን ቡናማ ንጣፍ ተሸፍኗል። ይህ ንጣፍ ዳያቶም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን፣ ባክቴሪያዎችንና ገና ያልታወቁ የአረም ችግኞችን በአንድነት የያዘ ነው። የሊምፔት ዋና መኖም ይኸው ነው እንጂ ትልልቁ አረም አይደለም። በማነጻጸሪያዎቹ ላይ ጣት ስናሳርፍ ዐለቱ ሻካራ ነው።

የግጦሹን መጠን ለማየት ከእያንዳንዱ መደብ አጠገብ ቀዳዳ በስተን የጥርስ ሐኪም ሰም የሞላንባቸውን ትንንሽ ክቦች ከዐለቱ ገጽ እኩል አድርገን ተክለናል። የሊምፔት ምላስ እንደ ሞረድ በጥርስ የተደረደረ ነው፤ በሰሙ ላይ ሲያልፍ ጥልቅ የሆኑ አጫጭር ጭረቶች ጥሎ ይሄዳል። የዚህ ጥርስ ጥንካሬ ከጎታይት፣ ማለትም ከብረት ማዕድን ቃጫዎች የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ሕይወት ሠራሽ ቁሶች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ እንዳገኘው አስታውቋል። ዐለቱን ራሱን እየፋቀ መብላት የቻለው በዚህ ነው።

ኤፕሪል 10

ከትናንት በስቲያ በነበረው ማዕበል የሁለተኛው መደብ አጥር በአንድ ጎኑ ተነቅሏል። በውስጡም ሁለት ሊምፔቶች ተገኝተዋል፤ በተጓዙበት መንገድ ላይ ቡናማው ንጣፍ በጠመዝማዛ መስመር ተላጥቶ ነጣ ብሏል። በደንብ ያልታሰረው ቪት የእኔ ጥፋት ነው፤ ከአሁን በኋላ በየጉብኝቱ መጀመሪያ አጥሮቹን በእጄ እየሳብኩ እፈትሻለሁ። ይሁንና ይህ ስሕተት ሥራውን ጠቅሞታል፤ ሁለት እንስሳት በሁለት ቀን ውስጥ የአንድ ወር እድገት የያዘውን ንጣፍ ሲሶ ያህል እንዳጸዱት ያሳየኝ ሌላ ምንም ነገር የለምና። ሁለቱን አውጥተን አጥሩን ጠግነናል።

ኤፕሪል 25

ባርናክሎች ሰፍረዋል። ባርናክል ለማያውቅ አንባቢ፦ ከዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ ነጭ የትንሽ እሳተ ገሞራ አፍ የሚመስል ቅርፊት የሚሠራ፣ ነገር ግን የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። የባርናክሉ እጭ ከባሕሩ ጋር ሲንሳፈፍ ቆይቶ በዐለቱ ላይ በአንቴናዎቹ እየረገጠ ይመረምራል፤ ከእርሱ በፊት የሰፈሩ ባርናክሎችን ሽታ ሲያገኝ በጭንቅላቱ ቆሞ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በእግሮቹ ምግብ እያፈሰ ይኖራል። ስለዚህ ቢሳሳት የሚያርምበት ዕድል የለውም።

በታጠሩት አራት መደቦች የሰፈሩት ከማነጻጸሪያዎቹ በእጥፍ ይበልጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሊምፔት ለምግብ ብሎ ባይፈልጋቸውም በሚንቀሳቀስበት ጊዜ በቅርፊቱና በእግሩ እየገፋ ገና ያልጠነከሩትን ይነቅላቸዋል። ይህን እንዳየሁ ሊምፔት የባርናክል ጠላት ነው ብዬ በመዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ያ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ወር በላይ አልቆመም።

ሜይ 10

አረንጓዴው መጣ። በታጠሩት መደቦች ሁሉ ኡልቫ የሚባለው ቀጭን ጨርቅና ክር የሚመስል አረም በቅሏል። በመደብ ላይ የምናሳርፈው ፍሬም 49 መስቀለኛ ነጥቦች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ያለውን እንመዘግባለን። በመጀመሪያው መደብ 31፣ በሦስተኛው 38 ነጥቦች ኡልቫ ላይ አርፈዋል። በማነጻጸሪያዎቹ በአራቱም ተደምሮ 3 ብቻ ነው፤ በግማሽ በታጠሩት ደግሞ 5። ስለዚህ የአጥሩ ጥላ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ነገር ግጦሹ ነው ለማለት አሁን በቂ ማስረጃ አለኝ።

በባዶ ዐለትነቱ ስናየው የነበረው ነገር ባዶ አልነበረም። በየሙላቱ የአረም ዘር ይወርድበታል፣ ይበቅላል፤ በየሌሊቱም ይበላል። ከጓሮዬ ሣር በፈጠነ ሁኔታ የሚታደስ ማሳ ላይ ቆሜ ለዓመታት ድንጋይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሜይ 24

ኡልቫውን ከፍ አድርገን ከሥሩ ተመለከትን። ከአንድ ወር በፊት በእጥፍ የበለጡት ትንንሽ ባርናክሎች ከሥሩ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ቅርፊታቸው ክፍት ሆኖ ባዶ ነው። አረሙ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቶባቸው እግራቸውን ዘርግተው ምግብ ማፈስ አልቻሉም። በማነጻጸሪያዎቹ ውስጥ ግን በሊምፔት ከመገፋት የተረፉት በደህና እያደጉ ናቸው። ስለዚህ የኤፕሪል 25 ዐረፍተ ነገር መታረም አለበት፦ ሊምፔት ለባርናክል በአንድ እጁ እየገፋ በሌላ እጁ የሚያድን ነው፤ ሊያንቀው የሚችለውን አረም የሚያጸዳለት እርሱ ነውና። የሁለቱ ኃይሎች ሚዛን ደግሞ እንደ ወቅቱና እንደ ማዕበሉ ብርታት ይለያያል።

አጥሩ ለሊምፔት እንጂ ለሁሉም አይደለም። ቶፕሼልና ዊንክል የሚባሉት ክብ ቀንድ አውጣዎች ሽቦውን ያለ ችግር እየተሻገሩ ነው፤ ዛሬ ብቻ 22 ለቅመን አውጥተናል። የእነርሱ ምላስ ግን ለስለስ ያለ መጥረጊያ ነው፤ በሰሙ ላይ የተዉት ምልክት ከሊምፔቱ ጭረት ጋር ሲተያይ በቀጭን ብሩሽ የተሳለ ይመስላል። ኡልቫን በደስታ ይበላሉ፤ ዐለቱን ግን አይፍቁም፤ ስለዚህ እነርሱ ባሉበት አረሙ ያጥራል እንጂ አይጠፋም። የሚግጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍየል የጋጠውና በግ የጋጠው መስክ እንደሚለያይ ማንም እረኛ ይናገራል።

ጁን 8

ከዚህ ዳርቻ ጥቂት ወደ ምዕራብ የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ የእኔን አራት መደቦች በኮርንዎል ዳርቻ ልክ አስፍቶ ማሰብ ማለት ነውና። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኮርንዎልና በሲሊ ደሴቶች መካከል ባለው ሰቨን ስቶንስ ዐለት ላይ ወጥታ ተሰበረች። ከ100,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ዘይት ጭና ነበር። ዘይቱን ከዳርቻው ለማጽዳት ወደ 10,000 ቶን የሚጠጋ ማሟሚያ ፈሰሰ፤ ያን ጊዜ የነበረው ማሟሚያ ደግሞ ከዘይቱ ይልቅ መርዛም ነበር። ሊምፔቶቹ አለቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ፕሊመዝ ያለው የባሕር ሥነ ሕይወት ማኅበር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው መዝግበዋል። ዐለቱ በመጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ በጥቅጥቅ ፉከስ ተሸፈነ፤ ከሥሩ ያሉት ባርናክሎች ጠፉ። ፉከሱ በሠራው ጥላና እርጥበት ሥር አዲስ የሊምፔት ትውልድ በብዛት አደገ፤ አረሙ ሲያረጅና ሲነቀል ያ ትውልድ የቀረውን ሁሉ ጋጠው፤ ዳርቻው ከቀድሞው ይልቅ ተራቆተ፤ የተራቡት ሊምፔቶችም በየአቅጣጫው ተሰደዱ። በብዛት ማሟሚያ የፈሰሰባቸው ቦታዎች ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው ለመመለስ ከ10 ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል፤ በዘይት ብቻ የተነኩትና ማሟሚያ ያልደረሳቸው ግን እጅግ ቀድመው አገግመዋል። አንድን እንስሳ ከቦታው ማጥፋት በአንድ ቀን ይቻላል፤ የሚያስከትለው መወዛወዝ ግን አንድ ሕፃን ተወልዶ ትምህርት እስኪዘልቅ ድረስ ይቆያል። ይህን በማሰብ ነው መደቦቼን ትንንሽ ያደረግኋቸው።

ጁን 22

ትልቅ ሙቀት። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጥቁሩ ዐለት በባዶ እጅ አይነካም ነበር። የላይኛው ኡልቫ ነጥቶ እንደ ወረቀት ተላጥቷል፤ ከሥሩ ያለው ግን እርጥብ ነው። በማነጻጸሪያዎቹ ውስጥ ሊምፔቶቹ በየስንጥቁ ተጠጋግተዋል፤ አንድ ሊምፔት ከዐለቱ ላይ በቀላሉ ተነሥቶ ወደቀ፤ ሞቷል።

ጁላይ 22

ስንጠብቀው የነበረው ታየ። በኡልቫው መሳሳት መካከል ከጥፍር ያነሱ ቡናማ ቅጠሎች አሉ፤ በማጉያ መነጽር ሲታዩ ፉከስ ናቸው። የፉከስ እንቁላል ከአንድ ሚሊሜትር ከዐሥረኛ እጅ ያነሰ ነው፤ ከእናቱ ብዙም ሳይርቅ ይወርድና ይጣበቃል፤ እንደ ባርናክል እጭ ሩቅ አይጓዝም። ለዚህም ነው ባለ ፊኛው ፉከስ ከሚገኝበት ድንጋይ አጠገብ ያሉት ሦስተኛውና አራተኛው መደቦች 60 እና 44 ችግኝ ሲይዙ፣ በሩቅ ያለው አንደኛው 9 ብቻ የያዘው። ግጦሽን መከልከል በቂ አይደለም፤ ዘር የሚሰጥ እናት በአቅራቢያ መኖር አለባት። የወሎውም ተራራ እንዲሁ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብ ያለው ጥግ ነው ቀድሞ ዛፍ የያዘው።

ሴፕቴምበር 18

የፉከሶቹ ቁመት በአማካይ 3 ሴንቲሜትር ደርሷል። ኡልቫው አርጅቶ እየለቀቀ ነው።

ዛሬ ብዙውን ጊዜ የወሰድነው ግን በማነጻጸሪያዎቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በስድስተኛው መደብ፣ ሊምፔቶች እንደልባቸው በሚሄዱበት ዐለት ላይ፣ 4 የፉከስ ችግኞች አገኘን። እንዴት ተረፉ? አራቱም የበቀሉት በቆዩና በተጠጋጉ ባርናክሎች መካከል ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ውስጥ ነው። የሊምፔት ምላስ ለጥ ባለ ዐለት ላይ ምንም አያስተርፍም፤ በባርናክል ቅርፊቶች መካከል ወዳለው ጉድጓድ ግን አይደርስም። ችግኙ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ሲያድግ ደግሞ ለሊምፔት አፍ ከብዷል። በአጥሬ የሠራሁትን ባርናክሎቹ ያለ ሽቦ ሠርተውታል። የእሾህ ቁጥቋጦ በውስጡ የበቀለውን የወይራ ችግኝ ከፍየል እንደሚጠብቅ ማለት ነው።

ስለዚህ ክቡ ተዘጋ ማለት ይቻላል፦ ሊምፔት አረሙን ስለሚግጥ ባርናክል ይሰፍራል፤ ባርናክል ስለሰፈረ የአረም ችግኝ ከሊምፔት ያመልጣል፤ አረሙ ሲያድግ ባርናክሉን ያዳክማል፣ ለሊምፔት ግን ጥላ ይሆናል። በአይል ኦፍ ማን ዳርቻዎች ላይ የተሠሩ የረጅም ዓመታት ክትትሎች በአንድ ዐለት ላይ እነዚህ ሁኔታዎች በየጥቂት ዓመቱ እየተፈራረቁ፣ አንዱ ጥግ የፉከስ ሌላው ጥግ የባርናክል ሆኖ እንደሚዞሩ አሳይተዋል።

ኖቬምበር 1

የመጀመሪያው የመኸር ማዕበል የቀረውን ኡልቫ ወስዶታል። ፉከሶቹ ግን ቆመዋል። በአራተኛው መደብ በቅጠሎቹ ሥር 6 ዶግዌልኮች ተጠልለው አገኘን። ዶግዌልክ አይግጥም፤ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ነው፤ ባርናክልንና ማስል የሚባለውን ባለ ሁለት ክዳን ጥቁር ዛጎል ይበላል። ማስሉን የሚበላው ቅርፊቱን በሚያለሰልስ ፈሳሽና በምላሱ እያፈራረቀ በመብሳት ሲሆን ሥራው ቀናት ይወስድበታል። ማስሎቹም ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ከዐለት ጋር የሚጣበቁበትን ክር ዶግዌልኩ ላይ እየጣሉ አስረው የሚያስቀሩበት ጊዜ አለ። ከታችኛው ስንጥቅ ውስጥ እንዲህ የታሰረ አንድ ባዶ የዶግዌልክ ቅርፊት አይቻለሁ፤ ቢያንስ ስምንት ክር ቆጥሬበታለሁ።

በማርች ስለ ቀለሙ ለመጻፍ የገባሁት ቃል ከዚህ እንስሳ ጋር የተያያዘ ነው። ለጀልባ ቀለም ይጨመር የነበረው ትራይቡቲልቲን የተባለው የቆርቆሮ ውሕድ በሴት ዶግዌልኮች ላይ የወንድ ብልት እንዲያድግ ያደርግ ነበር፤ እንቁላል መጣያው ሲዘጋ እናቶቹ መካን ሆነው ይሞታሉ። ይህ መዛባት እ.ኤ.አ. በ1970 የተመዘገበው ከዚሁ ከፕሊመዝ ሳውንድ በተሰበሰቡ ዶግዌልኮች ላይ ነው፤ መንሥኤው ቀለሙ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ብሪታንያ በ1987 ለትንንሽ ጀልባዎች ከለከለችው፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት ደግሞ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። የመዳብ ቀለም ያው አይደለም፤ ቢሆንም በዚህ ዳርቻ ላይ ለእኔ ጥያቄ ብዬ ቀለም መቀባት ኅሊናዬ አልፈቀደም። ዛሬ ስድስት ዶግዌልክ በአንድ መደብ ውስጥ ማየቴ አስደስቶኛል።

ፌብሩዋሪ 12

ብርዱ ከባድ ነው፤ ቆጠራው አጭር። ከፉከሶቹ መካከል ሲሶ ያህሉ በማዕበል ተነቅለዋል፤ የቀሩት 9 ሴንቲሜትር ናቸው። አጥሮቹ ደህና ናቸው። ልጄ ፈተና ስላለባት ብቻዬን ሠራሁ።

ኤፕሪል 12

ሁለተኛው የባርናክል ሰፈራ። ባለፈው ዓመት በታጠሩት መደቦች በእጥፍ ሰፍረው ነበር፤ ዘንድሮ በሦስተኛውና በአራተኛው የሰፈሩት ከማነጻጸሪያዎቹ ከግማሽ ያንሳሉ። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ውኃው ሲመለስ ተቀምጬ ተመለከትኩ፦ እያንዳንዱ ማዕበል ሲመጣና ሲሄድ የፉከሱ ቅጠሎች ዐለቱን እንደ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይጠርጉታል። በቅጠሎቹ ርዝመት ልክ ዙሪያውን የተጠረገ ክብ አለ፤ እጮቹ በዚያ ክብ ውስጥ የሉም፣ ከክቡ ውጭ ግን አሉ። በዚህ መጠን ጥርት ብሎ ይታያል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሊምፔት ያልነበረበት አንድ የጸደይ ወር፣ ከዓመት በኋላ ባርናክል የት እንደሚሰፍር እየወሰነ ነው።

ሜይ 11

አጥሮቹን አነሣን። ቪቶቹን ፈትተን፣ ፊሸሮቹን በጉጠት አውጥተን፣ ቀዳዳዎቹን በፈቃዱ ላይ እንደተጻፈው በባሕር ሲሚንቶ ደፈንናቸው። ይህ ክፍል ለእኔ ከመትከሉ የበለጠ ያጓጓኝ ነበር፤ ሥራውን በመከለሉ ላይ ብቻ ማቆም ግማሽ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሊምፔቶቹ ሲመለሱ ፉከሱን ይበሉታል ወይስ ያልፉታል? ያደገው ፉከስ በአማካይ 14 ሴንቲሜትር ሆኗል፤ ግንዱም ለመጎተት ጠንካራ ነው። አዲስ የሰም ክቦች በየመደቡ መካከል ተከልን።

ጁን 10

ከአንድ ወር በኋላ በአራቱ መደቦች ውስጥ 11 ሊምፔት አለ። ሰሞቹ ሁሉ ተጭረዋል፤ ከሥር የነበረው ቡናማ ንጣፍ ጠፍቶ ዐለቱ እንደገና ለጣት ሻካራ ሆኗል፤ ከአምናው ዘር ዘግይተው የበቀሉ ከጥፍር ያነሱ ችግኞች አንድም አልቀሩም። ያደጉት ፉከሶች ግን አንዳቸውም አልተቆረጡም። በአንዱ ግንድ ግርጌ ትንሽ የመፋቅ ምልክት አለ፤ ሌላው ሙሉ ነው። ሊምፔቱ ችግኙን እንጂ ዛፉን አያሸንፍም፤ ስለዚህ እነዚህ ፉከሶች አጥሩ ከተነሣም በኋላ እስኪያረጁ ወይም ማዕበል እስኪነቅላቸው ድረስ ይቆያሉ፤ ምትካቸው ግን አይመጣም።

ከ11ዱ ሊምፔቶች 8ቱ በትልልቆቹ ቅጠሎች ሥር ናቸው። ጉድለቱ በእኩለ ቀን ሲሆን ከፀሐዩ የተሸሸጉበት ጥላ እነርሱ በሌሉበት ዓመት የበቀለ ነው። ልጄ የስምንቱን ቦታ በፎቶግራፍ አንሥታ በየቅርፊቱ ጫፍ ላይ ቁጥር ጽፋለች፤ በጁላይ መጀመሪያ ተመልሰን የትኛው በቦታው እንደጸና፣ ከሥሩም ጠባሳ መውጣት ጀምሮ እንደሆነ እናያለን።